የሰይድ ልጅ

በፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ቀትር ላይ፣ ነጅዋ የምትወደው ሰው ሁለት የዶሮ ጭን በሳህን ይዞ እየሳቀ ወደ እሷ ሲመጣ አየችና ክው አለች።

ዶሮ ብርቋ ሆኖ አይደለም። ምስጋና ሥጋ ሲበላ አይታው ስለማታውቅ ነው። የፊልሙ ሠራተኛ ሁሉ ምሳ በሚበላበት ድንኳን ውስጥ ሁለቱ የሚገናኙት አትክልቱና ባቄላው ከተደረደረበት ጥግ ነበር። እሷ ወደዚያ የምትሄደው የድንኳኑ ሥጋ ሐላል ስላልሆነ ነው። እሱም በዚሁ ምክንያት ይመስላት ነበር፤ በዚህም የተነሳ ይበልጥ ወድዳዋለች።

"እንዴ ምስጌ፣ ዛሬ ሐላል አመጡ እንዴ?" አለችው።

"ኧረ እኔ እንጃ። ምነው?"

"ታዲያ እንዴት ትበላዋለህ?"

"ሁዳዴ ወጣ እኮ!" አለ አንዱን ጭን አንስቶ። "ትናንት ፋሲካ አልነበር? ወላሂ ነጅዬ፣ ከነአጥንቱ ብውጠው ደስታዬ ነው።"

በወላሂ የተማለ ፋሲካ! ነጅዋ ሹካዋን አስቀመጠች። ምስጋና ፊቷን ሲያይ ማኘኩን አቆመ። "ምን ሆንሽ?" አላት። ዓይኗ ለፊልሙ ከለበሰው የወታደር ልብስ ኮሌታ ስር ብቅ ካለች ጥቁር ክር ላይ ተተክሎ ቀርቷል። ማተብ ናት። ይህቺ ክር እስከ ዛሬ የት ነበረች?

እንዲህ ያለ ስህተት ከእኛ ሰው በቀር ማንም አይሳሳትም። ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ በአንድ ሳምንት ገቡ። ምስጋና እህል ሳይቀምስ ሲውል ነጅዋ ታያለች፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ቴምሯን ስታካፍለው ተቀብሎ አብሯት ያፈጥራል። ኢድ ሲሆን በጠዋት ደውሎ "ኢድ ሙባረክ" አላት። የተዋወቁ ቀን ስሙን ብትጠይቀው "ምስጋና ሰይድ፣ የወሎ ልጅ" ነበር ያላት። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ሲሰግድ አለማየቷን እንኳ ስንፍና ነው ብላ፣ ቀስ ብዬ አስተካክለዋለሁ ስትል ነው የከረመችው። ሳይገሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ ይላል ሰው። ነጅዋ ደግሞ ሳታጣራ የሰጠችው ልቧን ነበር።

የባሰው ግን ወሬውን ወደ ቤት መውሰዷ ነው። አባቷ ጋሽ ሙሀመድሰዒድ ከኮምቦልቻ ወደ ጆርጂያ መጥተው ሎረንስቪል ውስጥ የነዳጅ ማደያና ግሮሰሪ ያቋቋሙ ሰው ናቸው። ለሴት ልጃቸው ሐኪም ባል ሲጠብቁ ኖረው "ሹፌር ነው" ብትላቸው ፊታቸው ጠቆረ።

"ማን ይባላል?"

"ምስጋና ሰይድ። የወሎ ልጅ ነው።"

"ሰይድ?" አሉ ፊታቸው እየተፈታ። "እሱስ ጥሩ። ገንዘብ ይመጣል፣ ዋናው ዲን ነው። እሁድ ቤት ይምጣና እንየው።"

እናቷ ወይዘሮ ሀጂራም ከዚያች ሰዓት ጀምረው የእሁዱን ምግብ ሲያስቡ ነው የሰነበቱት። አሁን ነጅዋ ከድንኳኑ ስትወጣ ስለ እሁድ ማሰብ ነበረባት። አንጀቷን የበላት ግን እሁድ አልነበረም፤ አብረው የበሉት ቴምር ነበር።

* * *

ፊልሙ በንጉሡ ዘመን ኮሪያ ድረስ ሄደው ስለተዋጉ የኢትዮጵያ ወታደሮች ነው። ከሎረንስቪል ወዲያ ያለው ቀይ አፈር ኮረብታ ኮሪያን ሆኖ ይቀረጻል። ነጅዋ የታሪክ መምህርት ናት፤ የባህል አማካሪ ተብላ ስትቀጠር ስክሪፕቱ ላይ አበሾቹ ስም እንኳ አልነበራቸውም። "አፍሪካዊ ወታደር አንድ፣ አፍሪካዊ ወታደር ሁለት" ነበር የሚላቸው። ተከራክራ ስም አሰጠቻቸው፣ አማርኛም አስናገረቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ ብታይ፣ ስም ያገኘው ሁሉ በየትዕይንቱ ያማትባል።

"እኔስ የት ነኝ?" ብላ ዳይሬክተሯን ጠየቀቻት።

"አንቺ ማለት?" አለች ሚስ ፓርክ በእንግሊዝኛ፣ ከልቧ ማወቅ ፈልጋ። ዶራቪል ያደገች የኮሪያ ስደተኞች ልጅ ናት። በልጅነቷ ባየቻቸው የጦርነት ፊልሞች ውስጥ የገዛ ወገኗ ከጀርባ ሲሮጥ ብቻ ስላየች እንዲህ ያለ ጥያቄ አታልፍም። ወታደር ይማም የተፈጠረው በዚያ ቀን ነው። ጓደኛው ነጋሽን ለማዳን ሲል የሚሞት ሙስሊም ወታደር ነው። ማን ይጫወተው ሲባል ነጅዋ ተዋንያኑን ከዶራቪል ባቡር ጣቢያ በቫን የሚያመላልሰውን ሹፌር ጠቆመች። "ሙስሊም ነው፣ የወሎ ልጅ ነው" ብላ አፏን ሞልታ መሰከረችለት።

ያን ሰኞ ከምሳ በኋላ ምስጋና ቫኑ አጠገብ አገኛት።

"ስምህ ሰይድ ነው" አለችው፣ ሰላምታም ሳትሰጠው።

"የአባቴ ስም ነው። አባቴን ደግሞ ሰይድ ያሉት..."

"አልሰማህም! ወላሂ ስትል ነበር።"

"ወላሂ የማይል የወሎ ልጅ አለ እንዴ?"

"ከኔ ጋር ታፈጥር ነበር!"

ምስጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኔ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እህል መቅመስ እችል ነበር። አንቺ ብቻሽን ቁጭ ብለሽ ፀሐይዋን ስትጠብቂ ሳይሽ የኔንም ገፋሁት። በቃ ይኸው ነው። የምታውቂ መስሎኝ ነበር፣ ነጅዬ። ይማምን ተጫወት ስትዪኝም ተዋናይ የፈለግሽ መሰለኝ እንጂ የሃይማኖት ምስክር አልመሰለኝም። አሰጋገዱን አስተምሪኝ አላልኩሽም?"

ብሏት ነበር። እሷ ደግሞ ቁርአን ቤት ሳይገባ ያደገ መስሏት አዝናለት ነበር። ይህን ስታስታውስ ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጣባት፤ ሁለቱንም ዋጠችው።

"እኛ ወሎ ውስጥ እኮ አንለያይም" አለ ምስጋና። "አንድ ነን። ማን ምን እንደሆነ አንጠያየቅም።"

ይህን ባይላት ኖሮ ምናልባት ይቅር ትለው ነበር።

"አንጠያየቅም!" አለች። "ስክሪፕቱን የጻፉትም አልጠየቁም። አንድ ነን ተብሎ ሁሉም አማተበ፣ እኔ ጠፋሁ። 'አንድ ነን' ለማለት የሚቸኩለው ሁልጊዜ ሥዕሉ ውስጥ ያለው ሰው ነው። እስቲ አንድ ቀን 'ነጅዋ፣ ያንቺ እንዴት ነው? አባትሽ እኔን ምን ይሉኛል?' ብለህ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

"አንቺስ?" አላት ምስጋና።

ቀኑን ሙሉ ተማሪዎቿን "ለምን? ማን አለ? በምን ታወቀ?" እያለች የምታስጨንቅ ሴት፣ የምትወደውን ሰው አንዲት ነገር ሳትጠይቀው ሁለት ወር ኖራለች። ቫኑ ሲሄድ ተመለስ ብላ ልትጠራው ፈለገች። ኩራቷ ያዛት፤ አፍራም ነበር።

* * *

በማግስቱ ሚስ ፓርክ አስጠራቻት። ነጅዋ ስትገባ ምስጋና ቆብ በእጁ ይዞ ቆሟል።

"ሙስሊም አይደለሁም ብሎ ሚናውን መለሰልኝ" አለች ሚስ ፓርክ። የተቆጣች አትመስልም፤ እንዲያውም ዓይኗ ያበራል። "ክርስቲያን ሆኖ የሙስሊም ስም! ይማምን እንዲህ ብናደርገውስ? ሁለቱንም የሆነ ወታደር። ሰው ሁሉ ይወደዋል።"

ነጅዋ ለአፍታ ተፈተነች። እሺ ብትል ሚናው የምስጋና ይሆናል፣ እሷም ከቅሌት ትድናለች።

"አይሆንም" አለች። "እንደ እሱ ያለ ሰው አለ፤ ቆንጆ ታሪክ ነው፤ ሌላ ጊዜ ሥሪው። አሁን ግን አንድ ሙስሊም ወታደር አስገባን ብለን፣ ተመልሰን ግማሹን ልንወስድበት ነው። ይማም ሙሉ ይሁን።"

"ልክ ናት" አለ ምስጋና። ወደ እሷ ሳይዞር ነበር ያለው። "ትናንት አልገባኝም ነበር። ሲያድር ገባኝ። የሚጫወተውም ሙስሊም ይሁን። እኔ ቫኔን እነዳለሁ።"

ሚስ ፓርክ ሁለቱን በየተራ አየቻቸው፤ ከፊልም ያለፈ ነገር እንዳለ የገባት ይመስላል። ምስጋናን ገና ሰው ያልተመረጠለትን የነጋሽን ሚና እንዲጫወት ለመነችው። ይማምን ማን ይጫወተው ሲባል ነጅዋ ሌላ ሰው ስላጣች ወንድሟን መንሱርን ጠራችው። መንሱር ሳንዲ ስፕሪንግስ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን፣ አማርኛው በእንግሊዝኛ ምርኩዝ የሚሄድ ልጅ ነው። ቃሉን የሚያስጠናው ምስጋና ሆነ።

ነጅዋ ከምስጋና ጋር መነጋገር አቁማለች። ጥያቄዎቹ ግን በወንድሟ በኩል ቤቷ ድረስ ይመጡ ጀመር።

"አባ፣" አለ መንሱር እራት ላይ፣ "ላይክ፣ ሰው ሲሞት ለምንድነው በቀኝ ጎኑ የሚተኛው?"

ጋሽ ሙሀመድሰዒድ ጉርሻቸውን አቁመው አዩት። ይህ ልጅ ስለ ዲኑ ጠይቋቸው አያውቅም። በደስታ ዘርዝረው ነገሩት። በማግስቱ ደግሞ፣ "ባልደረባው ካፊር ከሆነ መቃብሩ ጋ መቆም ይችላል?" አለ።

"አፍህን! እንዲህ አይባልም፣ ክርስቲያን በል" አሉ አባት። "ጎረቤቶቻችን ቀብራችን ላይ ቆመው ነው ያደግነው። ይሄን ማን አስጠየቀህ?"

"ምስጋና ነዋ። ሁሉንም ነገር አስክ ያደርጋል። ሂ ኢዝ ኩል፣ አባ።"

"ማሻአላህ! የሰይድ ልጅ!" አሉ ጋሽ ሙሀመድሰዒድ ወደ ነጅዋ ዞረው። "ዲኑን የሚወድ ልጅ ነው ያገኘሽው። እንዲያውም ቅዳሜ ቀብሩ ሲቀረጽ መጥቼ መቃብሩን በትክክል መቆፈራቸውን አያለሁ። ፈረንጅ የቂብላን፣ የመካን አቅጣጫ የት ያውቃል?"

ነጅዋ ያኔ ልትነግራቸው ትችል ነበር። ከንፈሯ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አባቷ እንዲህ ሲደሰቱ ካየቻቸው ቆይታለች፤ ያ ደስታ በእሷ ቃል እንደሚሞት ታውቃለች። ምስጋና በሌላ ሰው አፍ የሚልካቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እያሰበች፣ ለእሷ መሆናቸውን እያወቀች፣ ናፈቃት።

* * *

ቅዳሜ ጋሽ ሙሀመድሰዒድ ከነሙሉ ልብሳቸው ኮረብታው ላይ ተገኙ።

"ሴትዮዋ ሚስ ፓርክ ነው የምትባለው?" አሉ ለልጃቸው በጆሮዋ። "መኪናዬን እሷን አስፈቅጄ ነው ፓርክ የማደርገው?"

ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ጉድጓዱን ዞሩና ራሳቸውን ነቀነቁ። የሟቹ ፊት ወደ ሰሜን ምሥራቅ መዞር አለበት። ሚስ ፓርክ በአስተርጓሚዋ በነጅዋ በኩል ተከራከረች፤ ፊልሙ ውስጥ ቦታው ኮሪያ ነው፣ ከኮሪያ ደግሞ መካ በምዕራብ ነው። ጋሽ ሙሀመድሰዒድ ይህን አሰቡበት።

"ልክ ብላለች" አሉ። "ግን ልጄ የሚተኛው ጆርጂያ ነው።"

ሚስ ፓርክ ስቃ ጉድጓዱን አዞረች።

መንሱር በወታደር ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ፊቱ በቀይ አፈር ተለውሶ ጉድጓዱ ውስጥ ተኛ። አባቱ ይህን ሲያዩ መቀለዳቸውን ተዉ። ከካሜራው ጀርባ በተሰጣቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣመሩ።

በስክሪፕቱ መሠረት ነጋሽ ወደ መቃብሩ ይመጣል፣ ያማትባል፣ "ነፍስ ይማር፣ ወንድሜ" ይላል፣ ይሄዳል።

ምስጋና መጣ። የራስ ቁሩን አወለቀ። እጁን ወደ ግንባሩ አነሳና እዚያው አቆመው። ነጅዋ ቃሉ የጠፋበት መሰላት። እጁ ቀስ ብሎ ወረደ።

"ይማሜ፣" አለ። "በእናንተ ምን እንደሚባል አላውቅም። አብሬህ እየዋልኩ፣ አብሬህ እያደርኩ፣ አንድ ቀን አልጠየቅኩህም። አንድ ነን እያልኩ አልጠየቅኩህም። የማላውቀውን ብዬ አልሸኝህም። የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ እዚሁ ቆሜ እጠብቃለሁ።"

ቆመም። ሚስ ፓርክ አማርኛውን አልሰማችም፤ ግን ቀረጻውን ለማስቆም "ከት" አላለችም። ነጅዋ የሰማችው እያንዳንዱ ቃል ለእሷ የተባለ ነበር። ወደ እሱ ልትሄድ ፈለገች፤ ግን ካሜራው እየቀረጸ ነው። ዓይኗ በእንባ ተሞልቶ የምስጋና ጀርባ ተደበላለቀባት። እንደዚህ ወድዳው አታውቅም።

"ኢና ሊላሂ፣" አለ አንድ ድምፅ፣ "ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።"

ጋሽ ሙሀመድሰዒድ ከወንበራቸው ተነስተዋል። ካሜራውን አላዩትም፣ ገመዱን ረገጡት። የሚያዩት አፈር ውስጥ የተኛ ልጃቸውንና የሚለው ጠፍቶት የቆመውን ወጣት ብቻ ነው። "አብሽር፣ ልጄ" አሉት ምስጋናን ክንዱን ይዘው። "እኔ አለሁ። እኔ እልለታለሁ።" እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። ምስጋና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ቦታውን ለቀቀላቸው፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ዱዓው እስኪያልቅ ቆመ። ከወታደሮቹ መካከል የሚያለቅስ ነበር።

"አባ!" አለ ሬሳው ቀና ብሎ። "ሮሊንግ ላይ ነን እኮ፣ እየቀረጹን ነው!"

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ ሙሀመድሰዒድም ፊታቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ሳቁ፤ ልጃቸውን ከጉድጓዱ ጎትተው አወጡት፣ አፈሩን አራገፉለት፣ ሟርተኛ ብለው ሰደቡት። ከዚያ ወደ ምስጋና ዞሩ።

"አላውቅም ያልከው የፊልሙ ነው አይደል? አንተማ የሰይድ ልጅ አይደለህም?"

ምስጋና አፉን ከፈተ። ነጅዋ ቀደመችው። እንደምትናገር አላሰበችም ነበር፤ እግሯ ብቻ ወስዶ ከምስጋና ጎን አቆማት።

"የፊልሙ አይደለም፣ አባ። ክርስቲያን ነው። እኔም አላወቅኩም ነበር፤ ሰኞ ነው ያወቅኩት፣ ካወቅኩ በኋላም ፈርቼ ደበቅኩህ። ጥፋቱ የኔ ነው። እወደዋለሁ።"

ሳቁ ከአባቷ ፊት ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ። ነጅዋ ይህንን ነበር የፈራችው፤ ይኸው መጣ። መንሱር ብርድ ልብሱን ይጠቀልላል።

"ኮምቦልቻ ብሆን፣" አሉ ጋሽ ሙሀመድሰዒድ ለራሳቸው ይመስል፣ "ስም ሰምቼ አልፈርድም ነበር። ቤተሰቡን እጠይቃለሁ፣ ጎረቤቱን እጠይቃለሁ። እዚህ ልጆቼ ከእጄ እንዳይወጡ ብዬ ስፈራ፣ መጠየቅ ትቼ በስም ብቻ ያዝኩ።" ምስጋናን ትክ ብለው አዩት። "እሺ አላልኩም። ስማኝ፣ እሺ አላልኩም።"

"ሰምቻለሁ፣ ጋሼ" አለ ምስጋና። "እንዳይቸኩሉብኝ ብቻ ነው የምለምንዎት።"

ሽማግሌው ዞረው ወደ መኪናቸው ሄዱ። ነጅዋ የምስጋናን እጅ ያዘች፤ ሰው ሁሉ እያየ። አባቷ የመኪናውን በር ከፈቱ። ከፍተው ቆሙ። ከዚያ በሩን መልሰው ዘጉና ተመለሱ።

"አንድ ነገር ሳላውቅ እንቅልፍ አይወስደኝም" አሉ። "አባትህ ክርስቲያን ከሆነ፣ ማን ነው ሰይድ ያለው?"

ይህቺን ጥያቄ ነጅዋ ጠይቃ አታውቅም። ሊነግራት ሲል አፉን ያስዘጋችውም እሷ ናት። ወደ ምስጋና ዞረች።

"አያቴ ልጅ አልጸናላት ብሎ ነበር" አለ ምስጋና። "የወለደችው ሁሉ በጨቅላነቱ ይሞትባታል። ጎረቤቷ ሼህ ሰይድ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ዱዓ አደረጉላት። አባቴ ተወለደ፣ አደገም። በሳቸው ስም ጠራችው፤ ቄሱም ምንም አላሉ። አባቴ እስከ ዛሬ ቅዳሴ አስቀድሶ ሲወጣ ለሼሁ ነፍስ ሳይጸልይ ቤት አይገባም።"

ጋሽ ሙሀመድሰዒድ ምስጋናን ከራሱ እስከ እግሩ፣ በቀይ አፈር ከተለወሰ ቦቲው እስከ ኮሌታው ክር ድረስ፣ ገና አሁን እንዳገኙት ሰው አዩት።

"እንግዲያ የሼሁ ዱዓ ደርሷል" አሉ። "ነገ እሁድ ቤት ና። እሺ ማለቴ አይደለም። ግን ና።"